የድሮ የዓሣ ነባሪ ሥዕሎች በአዲስ ኅትመት፦ ወረቀቱ የተዋጣለት፣ አርትዖቱ የጎደለው ስብስብ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍትና በነጠላ ኅትመቶች የወጡ የዓሣ ነባሪ ሥዕሎችን በዘመናዊ ማተሚያ እንደገና ያዘጋጀ አንድ የአሥራ ሁለት ሉሆች ስብስብ ነው። በእያንዳንዱ ሉህ አንድ ዝርያ ቀርቧል፤ ስፐርም ዓሣ ነባሪ፣ ቦውሄድ፣ ግራጫ ዓሣ ነባሪ፣ ሃምፕባክ፣ ፊን፣ ናርዋልና ቤሉጋ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ሉሆቹ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ታስበው በትልቅ መጠን የታተሙ ሲሆን፣ አንዲት አነስተኛ በራሪ ወረቀትም ታጅባቸዋለች። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ኅትመቱን የሠሩት ሰዎች ሙያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሥዕሎቹን ለኅትመት ያሰናዱት ግን በእጃቸው የገባው ነገር ምን እንደሆነ በቅጡ የተረዱ አይመስሉም። ስለዚህም ከስብስቡ ውስጥ ያለ ማመንታት የምመክራቸው ሉሆች እንዳሉ ሁሉ፣ ማንም ገዝቶ እንዳይሰቅላቸው የምፈልጋቸውም አሉ።

እነዚህን ሥዕሎች ለመመዘን በቅድሚያ የተሣሉበትን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ፈረስ ወይም አንበሳ የሚሥል ሰው እንስሳው ሲቆም፣ ሲራመድና ሲተኛ ማየት ይችል ነበር፤ ዓሣ ነባሪ የሚሥል ሰው ግን በሕይወት ያለውን እንስሳ ሙሉ አካል የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ከመርከብ ላይ የሚታየው ጀርባው፣ ጅራቱና ሲተነፍስ የሚረጨው ጉም ብቻ ነበር። የባሕር ዳርቻ ላይ ተጥሎ የሚገኘው ደግሞ በራሱ ክብደት የተጨፈለቀ፣ በብስባሴ ጋዝ የተነፋ፣ ቆዳው የተላጠና ቀለሙ የተለወጠ ሬሳ ነበር። እንደ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪና እንደ ፊን ያሉት ዝርያዎች ከአገጫቸው ጀምሮ ወደ ሆዳቸው የሚወርዱ ብዙ ሽንሽኖች አሏቸው፤ እነዚህ ሽንሽኖች እንስሳው ምግቡን ከነውኃው ሲጎርስ ብቻ ይዘረጉና በተረፈው ጊዜ ተሰብስበው ስለሚቆዩ፣ ሲዋኝ የሚታየው ቅርጽ ረጅምና ቀጭን ነው። ሲሞት ግን ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ጉሮሮውን ይነፋዋል። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ከአገጩ በታች ትልቅ ከረጢት ያንጠለጠለ የሚመስለው ዓሣ ነባሪ ደጋግሞ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሠዓሊው ያየውን በታማኝነት ሥሏል፣ ያየው ግን ሬሳ ነበር።

የስብስቡ ጥንታዊ ሉህ የዚህ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በ1598 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሆላንድ ካትዋይክ ከተባለው መንደር አቅራቢያ ቤርክሃይ በሚባል ዳርቻ አንድ ስፐርም ዓሣ ነባሪ ወጥቶ ሞተ፤ ሠዓሊው ሄንድሪክ ጎልትሲዩስ ያዘጋጀውን ሥዕል ያኮብ ማታም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አሳተመው። ሬሳው በጎኑ ተጋድሟል፤ ሰዎች ዙሪያውን ከበው ያዩታል፣ ይለኩታል፣ ላዩም ላይ ይወጣሉ። የጎን መቅዘፊያው ግን ወደ ዓይኑ እጅግ ተጠግቶ ስለተቀረጸ ተመልካቹ ጆሮ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ኅትመት አገር ለአገር ዞሯል፤ በ1601 በኢጣልያ አንኮና አጠገብ ስለ ወጣ ዓሣ ነባሪ የታተመ ሌላ ሥዕል ከዚሁ የሆላንድ ሥዕል የተቀዳ ሆኖ ሳለ፣ በትክክል ከተፈጥሮ እንደ ተሣለ የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ ወጥቷል፤ ጆሮ የሚመስለው መቅዘፊያም አብሮት ተጉዟል። በስብስቡ ውስጥ የገባው የማታም ሥራ በጥሩ ሁኔታ የታተመ ነው፤ በሕዝቡ መካከል ያሉት ትንንሽ ፊቶች እንኳ በግልጽ ይታያሉ። አዘጋጆቹ ከኦላውስ ማግኑስ የ1539 ካርታ ተወስደው በ1558 በኮንራድ ጌስነር መጽሐፍ ውስጥ የገቡትን ጥርሳምና ቱቦ አፍንጫ የባሕር አውሬዎች አለማካተታቸውንም እደግፋለሁ፤ እነዚያ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ርእስ ናቸው፣ እዚህ ቢገቡ ኖሮ የቀሩትን ሥዕሎች እንደ ተረት ያስቆጥሯቸው ነበር።

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወሰዱት ሉሆች የስብስቡ ዋና አካል ናቸው። በርከት ያሉት የተገኙት በ1837 በኤድንብራ ከታተመው የሮበርት ሃሚልተን የዓሣ ነባሪዎች መጽሐፍ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ ዊልያም ጃርዲን ያዘጋጀው የነበረው ተከታታይ የተፈጥሮ ታሪክ ዕትም አንዱ ቅጽ ነው፤ ሰሌዳዎቹን የቀረጸው ዊልያም ሊዛርስ ነበር። የዚህ ተከታታይ ዕትም መለያ እንስሳው በእጅ ቀለም ተቀብቶ ከበስተኋላው ያለው ባሕር፣ በረዶና መርከብ ግን በጥቁር መስመር ብቻ መተዉ ነው፤ ይህም ዓይን በቀጥታ እንስሳው ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። መጽሐፎቹ ግን ኪስ የሚገቡ ያህል ትንንሽ ነበሩ። የእጅ መዳፍ የሚያህለውን ሥዕል ወስዶ ግድግዳ በሚሞላ መጠን ማተም ቀራጺው ያላሰበውን ነገር ማድረግ ነው፤ በመጀመሪያው መጠን ለስላሳ ጥላ ሆነው የሚታዩት ጥቃቅን መስመሮች ሲጎሉ ተለያይተው እንደ ሽቦ አጥር ይቆማሉ፣ የቀለም ቀቢው ብሩሽ ከመስመር የወጣበት ቦታም ሁሉ ይጋለጣል። ቤሉጋው በዚህ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ነጭ አካሉን ከወረቀቱ የሚለዩት ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ሲጎላ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። እነዚህ ሉሆች በግማሽ መጠን ቢታተሙ ኖሮ ይበልጥ ባማሩ ነበር።

የቦውሄዱ ሉህ ግን ሌላ ነው። መነሻው ዊልያም ስኮርዝቢ በ1820 ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሳተመው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ነው። ስኮርዝቢ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ልጅ የነበረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በበረዶ ባሕር ላይ የኖረና ራሱም መርከብ ያዘዘ ሰው ነበር፤ በ322 ቦውሄዶች አያያዝ ላይ እንደ ተሳተፈና ከእነዚያ ውስጥ አንዱም ከ60 ጫማ፣ ማለትም ከ18 ሜትር ገደማ እንዳልበለጠ ጽፏል። ከእሱ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ርዝመት ሲያወሩ ስለ ነበር ይህ አባባሉ ራሱ ትልቅ እርማት ነበር። ሥዕሉም ያንኑ ቁጥብነት ይዟል፤ የጭንቅላቱ ትልቅነት፣ የታችኛው ከንፈር ቅስት፣ የአገጩ ነጭነት፣ የጀርባ ክንፍ አለመኖሩ በቦታው ነው። ምግብ ከውኃ የሚያጣራባቸውና እስከ 4 ሜትር የሚረዝሙት የባሊን ሰሌዳዎች በዚያ ቅስት ውስጥ እንዴት እንደሚያርፉ ሥዕሉን ያየ ሰው ወዲያው ይረዳል። በኋላ የመጡ ብዙ መጻሕፍት ይህንኑ መቅዳታቸው አያስገርምም።

ከሁሉ የበለጠው ግን የግራጫው ዓሣ ነባሪ ሉህ ነው፤ ስብስቡን በሙሉ መግዛት የማይፈልግ ሰው እንኳ ይህን አንዱን ቢያገኝ ይጠቀማል። ሥዕሉ የወጣው ቻርልስ ስካመን በ1874 በሳን ፍራንሲስኮ ባሳተመው፣ የሰሜን አሜሪካን ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የባሕር አጥቢ እንስሳት በሚመለከተው መጽሐፍ ነው። ስካመን የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ ከ1857 እስከ 1858 ባለው ወቅት በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ግራጫዎቹ የሚወልዱበትን ጥልቀት የሌለው የባሕር ሰርጥ አግኝቶ መርከቦቹን አስገባ፤ እናቶችና ግልገሎች በተሰበሰቡበት በዚያ ስፍራ የተካሄደው አደን እጅግ ከባድ ነበር። ያው ሰው የገደላቸውን እንስሳት ለካ፣ የአካላቸውን ክፍል መዘገበ፣ ጉዟቸውን ተከታተለ፣ በመጨረሻም በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ የግራጫ ዓሣ ነባሪ ሥዕል ለዓለም አቀረበ። ይህን ሉህ ሳይ ሁለቱን ነገሮች መለየት አልችልም፤ የሥዕሉ ትክክለኛነት የመጣው ከዚያው ከአደኑ ነው፣ የሚሰቅለው ሰውም ይህን አውቆ ቢሰቅለው እወዳለሁ። በራሪ ወረቀቷ ግን ስለዚህ አንድም ቃል የላትም።

የስካመን ሥዕሎች የታተሙት በሊቶግራፍ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ በኖራ ድንጋይ ላይ ይሥላል፤ የድንጋዩ ሸካራነት እርሳሱን በጥቃቅን ነጥብ እየቆራረጠ ስለሚቀበለው ለስላሳና ጉም የመሰለ ጥላ ይፈጠራል። የግራጫውን ቆዳ፣ ማለትም ጥገኛ እንስሳት የተጣበቁበትን፣ ጠባሳና ነጠብጣብ የሞላበትን ገጽታ ለማሳየት ከዚህ የሚሻል መንገድ በጊዜው አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ ብርሃን የማያንጸባርቅ የጥጥ ወረቀትና የማይደበዝዝ ባለ ማዕድን ቀለም መምረጡ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ይክሳል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ የድንጋዩ ነጥብ ከማተሚያው ነጥብ ጋር ሳይጋጭ ይለያል፣ ጥቁሩም ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ አያደላም። የመዳብና የብረት ሰሌዳ ሥራዎች ይህን ያህል አልታደሉም። በዋናው ኅትመት ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ከፍ ብሎ በጣት ይዳሰሳል፣ በሥዕሉ ዙሪያም ሰሌዳው የተጫነበት አራት ማዕዘን ምልክት ይቀራል፤ ይህን በጠፍጣፋ ኅትመት መመለስ አይቻልም። አንዳንድ ሻጮች እንደሚያደርጉት የሰሌዳውን ምልክት በኮምፒውተር ሥለው ለማስመሰል አለመሞከራቸው ግን ያስመሰግናቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። አዘጋጆቹ ሉሆቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ እንዲያምሩ በማሰብ ሁሉም ዓሣ ነባሪዎች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲመለከቱ አድርገዋል፤ ለዚህም ሲሉ ጥቂቶቹን ልክ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ገልብጠዋቸዋል። ብዙዎቹ እንስሳት ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ጉዳት የሌለው ነገር ሊመስል ይችላል። በዓሣ ነባሪዎች ዘንድ ግን ጉዳዩ እንደዚያ አይደለም። የፊን ዓሣ ነባሪ የታችኛው መንጋጋ በቀኝ በኩል ነጭ፣ በግራ በኩል ጥቁር ነው፤ ዝርያው ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ይኸው ነው። ከናርዋል የላይኛው ከንፈር ቀንድ መስሎ የሚወጣው ነገር የግራ ጥርሱ ሲሆን፣ ጥርሱ የሚጠመዘዘውም ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። የስፐርም ዓሣ ነባሪ መተንፈሻ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በጭንቅላቱ ጫፍ በግራ በኩል ስለሆነ የሚተነፍሰው ጉም ወደ ፊትና ወደ ግራ አጋድሎ ይወጣል። ስለዚህ ከእነዚህ ሦስቱ የአንዱን ሥዕል መገልበጥ በተፈጥሮ የሌለ እንስሳ መፍጠር ነው።

በስብስቡ ውስጥ ያለው ፊን ወደ ግራ ዞሮ፣ የግራ ጎኑን እያሳየን፣ መንጋጋው ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ ስሕተት የጥንቱ ሠዓሊ እንዳይሆን ከዋናው ጋር አነጻጽሬዋለሁ፤ ዋናው ወደ ቀኝ የሚመለከትና ትክክለኛ ነው። የናርዋሉም ጥርስ እንዲሁ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ተጠምዝዟል። እዚህ ላይ ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ የድሮዎቹ ቀራጮች ራሳቸው ተመሳሳይ ነገር ያደርጉ የነበረ መሆኑ ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ስለሚገለበጥ፣ ከሌላ መጽሐፍ የቀዳ ቀራጺ አስቀድሞ ካልገለበጠው በስተቀር ቅጂው ከዋናው ተቃራኒ ሆኖ ይወጣል። እንዲያ ያለው የጥንት ስሕተት ግን ሥዕሉ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚነግረን ማስረጃ ነው፤ ዛሬ ለግድግዳ ውበት ሲባል የሚጨመረው አዲስ ስሕተት ያንን ማስረጃ ያጠፋዋል። ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ እያየ የሚያድግ ልጅ የፊንን ነጭ መንጋጋ በተሳሳተው ጎን እንዲያስታውስ ማድረግ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ጥፋት ከሥዕሎቹ ግርጌ የነበሩት ጽሑፎች መቆረጣቸው ነው። የድሮ ሰሌዳዎች በግራ ጥግ የሠዓሊውን፣ በቀኝ ጥግ የቀራጺውን ስም፣ ከመካከል ደግሞ የእንስሳውን ስም ይዘው መታተማቸው የተለመደ ነበር። የተገለበጠ ጽሑፍ ስለማይነበብ እንዲጠፋ መደረጉ ይገባኛል፤ ግን ካልተገለበጡት ሉሆች ላይም ተቆርጧል፣ በምትኩም በዘመናዊ ፊደል አንድ የእንስሳ ስም ብቻ ተጽፏል። የድሮዎቹ ስሞች ዛሬ ከምንጠቀምባቸው የተለዩ መሆናቸው ብቻውን ብዙ ያስተምር ነበር፤ በዚያ ዘመን የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት፣ ወይም ግልገልና አዋቂ፣ እንደ ተለያዩ ዝርያዎች የሚቆጠሩበት ጊዜ ነበርና። ወረቀቱን ያረጀ ለማስመሰል በኮምፒውተር የተጨመረው ቢጫ ጥላም አላስፈላጊ ነው፤ በሁሉም ሉሆች ጥግ ላይ ያው አንድ እድፍ በተመሳሳይ ቦታ ይደጋገማል፣ ጥሩውን የጥጥ ወረቀትም ይሸፍነዋል።

ስለ መጠን ማነጻጸሪያም አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ መጻሕፍት እያንዳንዱ እንስሳ የገጹን ስፋት እንዲሞላ ሆኖ ስለሚሣል፣ አካሉ ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚሆነው ናርዋልና 16 ሜትር የሚደርሰው ወንዱ ስፐርም ዓሣ ነባሪ እኩል ይመስላሉ። በመጽሐፍ ውስጥ ልኩ ከጎኑ በጽሑፍ ስለሚገኝ ችግር አልነበረውም፤ ሥዕሉ ተነጥሎ ሲሰቀል ግን ያ መረጃ ይቀራል። 30 ሜትር ገደማ ሊደርስ የሚችለው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ከቤሉጋው አጠገብ በእኩል ርዝመት ተሰቅሎ ማየት ግር ያሰኛል። በበራሪ ወረቀቷ ላይ አሥራ ሁለቱን በአንድ መለኪያ የሚያሳይ ትንሽ ጥላ ሥዕል ቢኖር በቂ ነበር።

ገዢዎች ሊያውቁት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሥዕሎች የማንም የባለቤትነት መብት የማይጠብቃቸው ናቸው፤ የብዝኃ ሕይወት ቅርስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው የበይነ መረብ ስብስብ የጥንት የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ በነፃ ያቀርባል፣ የስካመንንም የሃሚልተንንም መጽሐፍ ማንም ሰው እዚያ መመልከት ይችላል። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ስብስብ ገንዘብ የምንከፍለው ለምስሉ አይደለም፤ ለወረቀቱ፣ ለቀለሙ፣ ለማጽዳቱ ጥንቃቄና ሥዕሉ ምን እንደሆነ ለሚነግረን ዕውቀት ነው። ስብስቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟልቷል፣ ሦስተኛውን በከፊል ሠርቷል፣ አራተኛውን ትቶታል። ይህም ሆኖ ከድሮ መጽሐፍ ተቀዶ የሚሸጥ ዋና ገጽ ከመግዛት እንዲህ ያለውን ቅጂ መግዛት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ገጾቹ ለየብቻ ሲሸጡ ከሙሉ መጽሐፉ የበለጠ ገንዘብ ስለሚያስገኙ ብቻ ደኅና የነበሩ መጻሕፍት ይበተናሉ፤ አንድ ጊዜ የተበተነ መጽሐፍ ደግሞ አይሰበሰብም።

መስቀል ለሚፈልጉ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን የማያገኘውን ግድግዳ ይምረጡ፣ ፍሬም ሠሪውም ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን እንዲጠቀምና መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ክፍተት እንዲተው ይጠይቁ። ሉሆቹ በነጠላም ስለሚሸጡ ምርጫዬ የስካመን ግራጫ፣ የስኮርዝቢ ቦውሄድና የማታም ስፐርም ናቸው፤ ሃምፕባኩም የአካሉን አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚያህሉት ረጃጅም መቅዘፊያዎቹ በትክክል ስለተሣሉ አራተኛ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። ፊንና ናርዋል ግን አቅጣጫቸው ተስተካክሎ፣ የቀራጮቹም ስም ተመልሶ ዳግም እስኪታተሙ ድረስ ባይገዙ ይሻላል።